ዘጠነኛው ብልቃጥ

መስከረም 18

ለተከበሩ አያቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ ምላስዎ? ስለ ምላስዎ የምጠይቀው እንኳ ለወግ ነው፤ ደኅና እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ለጤናዬ ምንም አልል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ትንሽ ሣጥን ይደርስዎታል። በውስጡ አሥራ ሁለት ብልቃጥ፣ ጓንት፣ የእንጨት ማንኪያዎችና እርሳስ አለ። ብልቃጦቹ ውስጥ ያለው አልኮል ነው። ለመጠጥ አይሆንም፤ ይህን የምጽፈው ስለማውቅዎ ነው።

ማዘጋጃ ቤታችሁ ከቤትዎ ጀርባ ባለው ተራራ የሚኖሩትን ተኩላዎች «ባለቤት የሌላቸው ውሾች ናቸው» ብሎ መርዝ ሊያስቀምጥላቸው አስቧል። ተኩላ ከሆኑ ሕግ ይጠብቃቸዋል፤ ከመሃላቸው ውሻ ከተገኘ ግን ማንም አይጠይቅላቸውም። ነገሩን የሚፈታው ዓይነ ምድራቸው ነው። ሲወጣ ከአንጀት ላይ በዓይን የማይታይ ነገር ጠርጎ ይወጣል፤ እኛ ከዚያ ላይ ዘረመሉን እናነባለን። ተኩላ ይሁን ውሻ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ እርስ በርስ እየተዋለዱ ደማቸው ደክሞ እንደሆነም እናውቃለን። እንስሳውን ሳንይዝ፣ ሳናስደነግጥ።

እርስዎ ፀጉር ቤትዎን ከመክፈትዎ በፊት በየጠዋቱ ተራራውን ይወጣሉ። ሲያገኙ ከላይ ከላዩ ብቻ ፋቅ አድርገው ይጨምሩልኝ። አንዱን የነካ ማንኪያ ሌላውን አይንካ። ውጤቱ ለእኔም ለማዘጋጃ ቤቱም በአንድ ቀን ነው የሚላከው፤ ማንም እንዳይደብቅ የተስማማነው እንዲያ ነው። ስለዚህ አደራ፣ አባባ። ቀልድ የለበትም።

አክባሪዎ የልጅ ልጅዎ


ጥቅምት 11

ለልጄ ልጅ፣ ለሊቂቱ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ከኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል፤ ምላሴ ገና በሥራ ላይ ነው። እግዜር የያዝሽውን ይባርክልሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ የያዝሽው ምን እንደሆነ ሳስታውስ ብዕሬን ከወረቀቱ ላይ አነሣሁ።

እንዲያው ልጠይቅሽ። አባትሽ ከአፉ ነጥቆ አስተማረሽ። ባሕር ተሻገርሽ፤ ነጭ ካፖርት ለበስሽ። ፎቶሽን ከመስተዋቱ ጎን ሰቅዬዋለሁ፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሁሉ «ምንድን ነው የምትሠራው?» ይለኛል። እስካሁን «ዶክተር ናት» እያልኩ እገላገል ነበር። አሁን ምን ልበል? ላም እበት አላት፣ አህያ ፋንድያ አላት፣ በግም በጠጥ አላት። ተኩላ ግን ስም የሚያወጣለት አጥቶ እንደ ማንም ውሻ አር ብቻ ነው ያለው። አንቺ መጥተሽ «ዓይነ ምድር» አልሽው። ክራባት አሰርሽለት።

ቢሆንም የልጅ ልጅ ናት ብዬ ወጣሁ። ጓንት አድርጌ፣ አጎንብሼ፣ በማንኪያ ስፍቅ ከኋላዬ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ሰማሁ። ጡረተኛው ዳኛ ነው፤ ጎረቤቴ። በጎቹን ሊያይ ወጥቶ ነው። የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ በጎቹ እንኳ እሱ ካልፈቀደላቸው አያመሰኩም።

«ምን ጠፍቶብህ ነው?» አለኝ።

«ምንም። የልጅ ልጄ ነገር ነው።»

«ምን ላከችልህ?»

«እኔ ነኝ የምልክላት» አልኩና ብልቃጡን አሳየሁት።

ጠጋ ብሎ አየው። «ይህን ፍለጋ ነው ባሕር የተሻገረችው?»

«እዚያ ያለው አልበቃትም።»

እየሳቀ ወረደ። እኔም ስቄአለሁ፤ ግን በሱ ነው። በዚያ ሰው ፊት አር ይዤ መታየቴን ግን በልቤ ጽፌብሻለሁ።

ማሽናችሁ ይህን አይቶ እናትና አባቱን ይናገራል ብለሽ እኔን ለማሳመን አትድከሚ። እኔ ዕድሜ ልኬን የሰው ጭንቅላት በእጄ ይዤ ውስጡ ያለውን አላወቅሁም፤ እናንተ ከጅራት በኩል ገብታችሁ ዘር ልትቆጥሩ ነው።

አሥራ ሁለቱም ሞልተዋል። ዘጠነኛውን ግን ለብቻው እዪው። ከትልቅ ቤተሰብ ነው። ማሽናችሁ እውነት ሊቅ ከሆነ ብድግ ብሎ ይቀበለዋል።

ውሻዬ ምክትሌ ሰላም ብሎሻል። እኔ ከሱቅ ስወጣ የደንበኛ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ስሙን ያገኘውም በዚሁ ነው። ባል ፈልጊ። ስታገኚ ግን ሥራሽን አትንገሪው።

አያትሽ


ኅዳር 27

ለተከበሩ አያቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ውጤቱ ወጥቷል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ደርሶታል።

ከዘጠነኛው በቀር ሁሉም ተኩላ ነው። ሰባት ናቸው። አንዲት እናት፣ አምስት ልጆቿ፣ እና አንድ እንግዳ። እንግዳው ከትልቁ አውራ ጎዳና ማዶ ካለው ጫካ የመጣ ወንድ ነው። ያን ሁሉ መኪና እንዴት እንዳለፈ አናውቅም። እሱ ባይመጣ ኖሮ እህትና ወንድም እየተዋለዱ ቀስ በቀስ ያልቁ ነበር። ስለ እሱ ለአለቃዬ ስነግረው ድምፄ ተለወጠብኝ፤ አፈርኩ።

ዘጠነኛው ውሻ ነው። ድቅል እንኳ አይደለም፤ ጥርት ያለ የቤት ውሻ። ከላይ ከላዩ ፋቅ ያድርጉ ብዬ ነበር፤ የተጨመረው ሙሉ ማንኪያ ነው። ስለዚህ የበላውንም አየነው። ብስኩት በልቷል። የሰው ፀጉርም በልቷል። የብዙ ሰው ፀጉር ነው፤ አንዱም ሥር የለውም፤ ሁሉም በመቀስ የተቆረጠ ነው። ከመሃሉ በጥቁር ቀለም የተነከረ ሽበት አለበት።

አባባ፣ ከብዙ ሰው ራስ የተቆረጠ ፀጉር ከወለል ላይ የሚልስ ስንት ውሻ በዓለም ላይ ያለ ይመስልዎታል?

ማዘጋጃ ቤቱ ይህን አልጠየቀም። ከወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ነው ያነበበው፤ «ውሻ» እና «የሰው ፀጉር»። አለቃዬም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «ናሙናውን የሰበሰበው ማን ነው?» አያቴ ናቸው አልኩ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ያን ያህል የሚጠረግ ነገር አልነበረበትም።

ከምክትልዎ አንገት ላይ ጥቂት ፀጉር ነቅለው ቶሎ ይላኩልኝ። ከዘጠነኛው ጋር ከገጠመ፣ ውሻው የመንጋው እንዳልሆነ አስረዳለሁ። ከነሥሩ ይሁን። የሚነበበው ሥሩ ነው።

የልጅ ልጅዎ


ታኅሣሥ 19

ለተቆጣችው የልጅ ልጄ፤

ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ፤ ትዕግሥትም ቢጨምርልሽ አልጠላም። ደብዳቤሽ ደረሰኝ። እዚያ ያለው ብርድ ከባድ መሆን አለበት፤ ወረቀቱ ላይ ሳይቀር ይሰማል።

ስለ ዘጠነኛው ብልቃጥ ብዙ አሰብኩበት፤ የምለው አላገኘሁም። ተራራ ነው። ስንቱ ያልፍበታል።

ሰፈሩ ግን ተሸብሯል። ተኩላው ሰው በልቷል ተብሎ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን በሰልፍ ነው የሚለቀው። ከትናንት ወዲያ ዳኛው ሊስተካከል መጣ። ጨርቁን አንገቱ ላይ ሳስርለት፣

«የሰው ፀጉር ተገኝቶበታል» አለኝ።

«የማን?»

«እየተጣራ ነው።»

«የጠፋ ሰው አለ እንዴ?»

«እስካሁን የለም።»

«ታዲያ ማንን በላ?»

«ሰው መጥፋቱ ሳይታወቅ ሊበላ ይችላል» አለኝ። ይህ ጭንቅላት ነው እንግዲህ ለሠላሳ ዓመት ፍርድ ሲሰጥ የኖረው። እኔ የማስተካክለው ከውጭ በኩል ብቻ ነው።

«ጎንና ጎኑን አሳጥረው» አለኝ ቀጥሎ። አሳጠርኩት። ፀጉሩ መሬት ሲወርድ ምክትሌ ከወንበሩ ሥር ብቅ አለ፤ ላስ ላስ አደረገና ተመለሰ። ዳኛው አላየም። እኔም አላየሁም።

የጠየቅሽኝን ፀጉር በፖስታው ውስጥ ታገኛለሽ። ከአንገቱ፣ ከጎኑ፣ ከጅራቱ፤ እኩል እኩል አድርጌ በክር አስሬዋለሁ። ንቀል ያልሽው ግን የዶሮ ሥራ ነው። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ነፍስ ካለው ነገር ላይ አንድ ፀጉር ነቅዬ አላውቅም፤ በስተርጅና ስሜን አላበላሽም። ማሽናችሁ ከዚያ ጉድ ላይ ካነበበ እንዲህ ካለ ንጹሕ ፀጉር ላይ እንዴት ያቅተዋል? ለዚያ መነጽር ጠራጊ አለቃሽም አሳዪው። እንዲህ ያለ እጅ አይቶ አያውቅም።

የእንግዳው ነገር ግን ገርሞኛል። ያን መንገድ እኔ በጠራራ ፀሐይ አልሻገረውም። ሚስት ፍለጋ ባይሆን ማን ያን መኪና መሃል ይገባል? አንቺም አሥር ጊዜ ከምታነቢው ምነው ከሱ ብትማሪ።

አያትሽ


ጥር 13

አባባ፣

በመቀስ የተቆረጠ ፀጉር ለእኛ አይነበብም። ሥሩ ምክትልዎ አንገት ላይ ቀርቷል። በጣም እኩል ሆኖ ነው የተቆረጠው፤ ሁላችንም አደነቅን። አለቃዬ ብርሃን ላይ ይዞ ካየው በኋላ ቅርጫት ውስጥ ጣለው።

ማዘጋጃ ቤቱ ነገሩን ለሰፈራችሁ ኮሚቴ ሰጥቶታል፤ ስብሰባው ጥር 28 ነው፤ መርዙ የሚቀመጠው በማግሥቱ። ሌላ ፀጉር ቢልኩ እስከዚያ አይደርስም። ስልክ ደውዬ ነበር። አንድ ሰው አንሥቶ፣ ተንፍሶ፣ ዘጋው። ምክትልዎ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

አሥራ ሁለቱም ብልቃጦች ከጥናቱ ወጥተዋል። አለቃዬ የሣጥናቸው ክዳን ላይ «የቤተሰብ ጨዋታ» ብሎ ጻፈበት። ለሚቀጥለው ዓመት ቦታዬን ለሌላ ሰው ሊሰጥ እያሰበ ነው። ይህ የኔ ጣጣ ነው፤ ይተዉት። ያ መንገዱን የተሻገረው ግን መርዙን ከሁሉ ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው። ለአገሩ አዲስ ስለሆነ የት ምን እንደሚገኝ አያውቅም፤ ያገኘውን ይበላል።

ፀጉሩ አልተናገረም። ሊናገር የሚችል አንድ ነገር ቀርቷል፤ አፍዎ ውስጥ ነው ያለው። እሱንም አሳምረው እንዳያስተካክሉት።


ጥር 29

ለልጄ ልጅ፤

ጤናሽ ይብዛ። ደብዳቤሽ በስብሰባው ዋዜማ ደረሰኝ። ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ሲደርሰኝ የመጀመሪያዬ ነው። ግብር ሰብሳቢው እንኳ «ክቡርነትዎ» ብሎ ነው የሚጀምረኝ።

ትናንት ጢሜን ተላጭቼ ምክትሌን አስከትዬ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። በሩ ላይ ጥበቃው «ውሻ አይገባም» አለ። «ምስክር ነው» አልኩት። መታወቂያ ሊጠይቀው አሰበና ተወው።

ዳኛው መድረኩ ላይ ተሰይሟል። ከጠረጴዛው ሥር የመርዙ ካርቶን ተደርድሯል። ሰው ግጥም ብሏል፤ የግማሹ ራስ በኔ እጅ ያለፈ ነው፤ ከኋላ ሆኜ በጆሮው አውቀዋለሁ። «አስተያየት ያለው?» ሲባል ተነሣሁ።

«ዘጠነኛው ብልቃጥ ከተራራው የመጣ አይደለም፤ ከኔ ጓሮ ነው» አልኩ። «ውሻው ይኸው። በገዛ ማንኪያዬ የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ ምክትሌን አየ። ከዚያ ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ወንበር በወንበር እየተቀባበለ ፊት ድረስ መጣብኝ። እኔ በሰው ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከዚያኛው በኩል ምን እንደሚመስል ትናንት አየሁት። አይመከርም።

«ለምን ብለህ?» አለ ዳኛው።

«ማሽኑን ልፈትነው።»

«እሺ፣ ምን ሆነ?»

«አለፈ።»

ዳኛው ወደ ሰዉ ዞረ። «ሽማግሌው የልጅ ልጁን እንጀራ ለማዳን ነው የሚዋሸው» አለ። «እዩት፣ በዚህ ዕድሜው፣ ያውም ስለ አር።» ደግሞ ሳቁ። «ማስረጃ አለህ?»

«አለኝ» አልኩና የኅዳሩን ደብዳቤሽን አወጣሁ። «ብልቃጡ ውስጥ የተገኘው የሰው ፀጉር በመቀስ የተቆረጠ ነው ይላል። ተኩላ መቀስ የለውም። ይህ የኔ ሱቅ ወለል ነው። የማን የማን እንደሆነ አንድ በአንድ ልናገር እችላለሁ። ለምሳሌ እዚህ ጋ በጥቁር ቀለም የተነከረ ሽበት ተገኝቷል ይላል፤ እሱ እንግዲህ—»

የዳኛው እጅ ወደ ራሱ ጉዞ ጀመረና መንገድ ላይ ሐሳቡን ለወጠ። ሰፈሩ ሁሉ ያን ጥቁረት የተፈጥሮ መስሎት ነው የሚኖረው። መጋረጃ ዘግተን ነው የምንቀባው።

«ዝርዝሩ አያስፈልግም» አለ።

«ለጉባኤው ግልጽ እንዲሆን ብዬ ነው።»

«ግልጽ ሆኗል። ተቀመጥ።»

«ውሻውስ?»

«እሱም ይቀመጥ።»

ካርቶኑ ወደ መጋዘን ተመለሰ። የተመለሰው ግን ከእናንተ ማረጋገጫ እስኪመጣ ነው። ስለዚህ በዚህ ፖስታ ውስጥ ሌላ ፀጉር ታገኛለሽ። ከነሥሩ። ራሴ ነቀልኩት። ምክትሌ ጮኸብኝ፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ነው የጨረስኩት። ይህን ከኔ ሙያ ለሆነ ሰው አታንሺ።

አለቃሽ መነጽሩን ጠርጎ ከጨረሰ ያንብበው።

አያትሽ


የካቲት 24

ለተከበሩ አያቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ምክትልዎስ?

ፀጉሩ ከዘጠነኛው ጋር ገጥሟል፤ አንድ ውሻ ነው። ማረጋገጫው ትናንት ለማዘጋጃ ቤቱ ተልኳል። መርዙ ቀርቷል፤ ሰባቱም በሕግ ጥበቃ ሥር ገብተዋል። አለቃዬ አሥራ አንዱን ብልቃጥ ወደ ጥናቱ መለሰ። ዘጠነኛውን መደርደሪያ ላይ አቁሞ ለአዲስ ተማሪ ሁሉ ያሳያል፤ «ከዘመድ ናሙና አትቀበሉ» ይላል። ቦታዬ ለጊዜው የኔ ነው።

አሁን የሚያሰጋን ሌላ ነገር ነው። ጥቂት ስለሆኑ ሴቶቹ የሚጣመሩት ወንድ ካጡ ከሰፈር ውሻ ጋር ይጣመራሉ። ያኔ መርዝ ሳያስፈልግ ዘራቸው በውሻ ዘር ተውጦ ይጠፋል። ስለዚህ ከተራራው ሥር ያለ ወንድ ውሻ ሁሉ መኮላሸት አለበት። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ኮሚቴው ተቀብሎታል። ከማን ይጀመር ሲባል ሊቀመንበሩ አንድ ውሻ በስሙ ጠሩ አሉኝ። በሙሉ ድምፅ አልፏል።

የእንስሳት ሐኪሙ ጥሩ እጅ አለው ይባላል፤ አይስጉ። እንደርስዎ እኩል አድርጎ ነው የሚቆርጠው።

አክባሪዎ የልጅ ልጅዎ


መጋቢት 14

ለልጄ ልጅ፤

እግዜር የያዝሽውን ይባርክልሽ። ዛሬ ይህን ሳልቆርጥ ጨረስኩት። የመጨረሻዋን አረፍተ ነገርሽን ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ያ ምላስ ከማን እንደመጣ ለማወቅ ማሽን አላስፈለገኝም።

ወሰድኩት። ዳኛው በአጋጣሚ እዚያ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ በጎቹን ትቶ፣ ክራባት አስሮ። «አይዞህ ምክትሌ፣ ጡረታ ያን ያህል አይከፋም» አለው። መልስ ነበረኝ፤ ጥሩ መልስ። አልሰጠሁትም። ቀለሙን የምቀባው ሐሙስ ነው፤ ያኔ ጉዳዩን እናየዋለን።

ሐኪሙ «ባለቤቱ ውጭ ይጠብቅ» አለኝ። አልወጣሁም። ዕድሜ ልኬን ሥራዬ ራስ መያዝ ነው፤ ምክትሌ እስኪያሸልብ ራሱን ያዝኩለት። እስከ መጨረሻው ድረስ ዓይን ዓይኔን ነበር የሚያየው፤ ገና ያኔ ያምነኝ ነበር።

ሌላ ሣጥን ላኪልኝ። ማንኪያውን በርከት አድርጊው። ሰሞኑን ከተራራው የሚመጣው ድምፅ ተለውጧል፤ ከትልልቆቹ መሃል ቀጫጭን ድምፆች አሉ፤ ጀምረው መጨረስ የማያውቁ። እንግዳው ሥራ ፈትቶ አልከረመም። ስንት እንደሆኑ አልነግርሽም፤ ማሽንሽ ይቁጠር፤ ለሱ ብለሽ አይደል እዚያ የተቀመጥሽው። ከላይ ከላዩ ብቻ ፋቅ አደርጋለሁ።

ትናንት ሱቁን ልዘጋ ስል ማላዘን ጀመሩ። ድሮ ምክትሌ ይህን ሲሰማ የጓሮውን በር በጥፍሩ ይቧጥጥ ነበር። አሁን ጆሮውን ብቻ አቆመ። ቀስ ብሎ ከወንበሩ ወረደ፤ ደጃፉ ድረስ ሄዶ ተራራውን አየ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ።

እኔ ንቀትን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ዳኛውን ንቄአለሁ፤ ማሽናችሁን ንቄአለሁ፤ ያን አለቃሽን ሳላየው ንቄዋለሁ። በዚህ ሙያ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ምክትሌ ግን ከጫማዬ ጀምሮ እስከ ራሴ ድረስ ሳይቸኩል አየኝ፤ ጨረሰ፤ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ወጣና ጀርባውን ሰጠኝ።

ጨርቄንና መቀሴን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ውረድ አላልኩትም።

አያትሽ